ሊፕ ደህና ናት

ሬንስካ በእንስሳት መጠለያው በሠራችባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ብዙ የተጣለ ውሻ አይታለች። የሚናከስ አይታለች፤ ሲያላዝን ውሎ የሚያድር አይታለች፤ ሰው ባየ ቁጥር አጥሩን ሊበላ የሚደርስ አይታለች። እንደ ሊፕ ያለች ግን ገጥማት አታውቅም። ሊፕ አትጮኽም፣ አትናከስም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ጅራቷን ሆዷ ሥር ወሽቃ ትተኛለች፤ በሩ ሲከፈት እዚያው በተኛችበት ትሸናለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ያመጧት በጥቅምት ነው። ባለቤቱ ትቶት ከጠፋ የቦይ ጀልባ ላይ፣ ከብረት መደገፊያው ጋር በገመድ ታስራ ተገኘች። ስንት ቀን እንደቆየች ያወቀ የለም፤ ገመዱን ግን በጥርሷ እስከ ግማሹ በልታዋለች። ቡናማ፣ ቀጭን፣ እግረ ረጅም ውሻ ናት። ስሙን ያወጣችላት ሬንስካ ነች። ሊፕ በጸደይ በሰሜን ኔዘርላንድስ ወዳለው የፍሪስላንድ ሜዳ የምትመጣ ወፍ ናት፤ ሰው ሲቀርባት አንገቷን ቀብራ በሣሩ መሀል ሹልክ ትላለች።

ሬንስካ በየቀኑ በምሳ ሰዓቷ ባልዲ ደፍታ የውሻዋ ክፍል ውስጥ ትቀመጥ ጀመር፤ ጀርባዋን ሰጥታ። ጋዜጣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች። የአየሩን ሁኔታ፣ የበረዶ ሸርተቴውን ውድድር፣ የሙታኑን ማስታወቂያ፣ ያገኘችውን ሁሉ። በአምስተኛው ሳምንት ሊፕ ሰው እያለ መብላት ጀመረች። በአሥራ አንደኛው ሳምንት ደግሞ ሬንስካ ስለ አንድ የፈረሰ ድልድይ እያነበበች ሳለ ጫማዋ ላይ አንዳች ነገር ከበዳት። ዝቅ ብላ አላየችም። ማንበቧን ቀጠለች። ጫማዋ ላይ ያረፈው የሊፕ አገጭ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ለሬንስካ ውሻ ሆነችላት፤ ለሌላው ሰው ግን ያው ግድግዳ እንዳየች ቀረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ውሻ ፍለጋ የሚመጡ ሰዎች በክፍሏ ሲያልፉ፣ «ይቺ ደግሞ ታማለች?» ይላሉ።

«አላመማትም፤ ዓይነ አፋር ናት» ትላቸዋለች ሬንስካ።

«ውሻም ያፍራል እንዴ?» ይሉና ወደሚዘለው፣ እጃቸውን ወደሚልሰው ያልፋሉ። ዓመት ከአራት ወር እንዲህ ሄደ።

ራሷ እንዳትወስዳት ባሏ ኦኖ ሳንባው የውሻ ፀጉር አይችልም፤ አንድ ጊዜ ሞክረውት ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝቷል። በየካቲት አንድ ቀን የመጠለያው ኃላፊ ቲነካ ሬንስካን ወደ ቢሮዋ ጠራቻት።

«ወድጄ እንዳይመስልሽ» አለቻት። «እስከ ፋሲካ የሚወስዳት ካልተገኘ ደቡብ ወዳለው ትልቁ መጠለያ ትዛወራለች። እዚያ ቦታ አለ።»

«እዚያ መቶ ውሻ ነው የሚጮኸው፣ ቲነካ። በሁለት ሳምንት ትሞትብኛለች።»

«እንግዲያው ሰው ፈልጊላት። አንቺ ያላገኘሽላትን ማን ያገኝላታል?»

ሰውዬው የተገኘው ካላሰበችው ቦታ ነው። የኦኖ ልደት ዕለት ዘመድ ተሰብስቦ ክብ ሠርቶ ተቀምጦ ሳለ፣ ሬንስካ የሊፕን ነገር አንስታ ሆድ ባሳት። ወንድሟ ሄሰል የኬኩን ሳህን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሲሰማ ቆየና፣ «ለምን ለእኔ አትሰጪኝም?» አላት።

ሄሰል ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ከባሕሩ ግድብ ሥር ባለው የወላጆቻቸው ቤት ነው የሚኖረው። ላሞቹን ሸጧል፤ ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል።

«አንተ? አንተ ቤት ድመት እንኳ አትቆይም» አለችው።

«ድመቷ ናት የሄደችው። እኔ ሂጂ አላልኳትም።»

«አትቀልድ፣ ሄሰል።»

«አልቀለድኩም። ቤቱ ጸጥ ያለ ነው፣ እሷም የምትፈልገው ጸጥታ ነው። ለእኔ ደግሞ ጸጥታው በዝቶብኛል።»

ስድስት ቅዳሜ ተመላለሰ። ሬንስካ እንዳሳየችው ባልዲው ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። ማንበብ ስለማይወድ ስለ ሸጣቸው ላሞቹ ያወራላታል፤ አንዷ ስትወልድ እንዲህ ሆና፣ ሌላዋ በሩን በምላሷ ትከፍት ነበር እያለ። በስድስተኛው ቅዳሜ ሊፕ ከግድግዳው ዞር ብላ አየችው። ሬንስካ ከውጭ ሆና ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ።

የመጋቢት መጨረሻ ላይ ወሰዳት። ሬንስካ ቀይ የደረት ቀበቶ በእጇ ሰፍታላታለች፤ ጎኑ ላይ በነጭ ክር ወፍ ጠልፋበታለች። መኪናው ውስጥ አስገብተው ሲያበቁ የወንድሟን ክንድ ያዘችና፣

«ስማኝ፣ ሄሰል» አለችው። «ቀበቶው ለሦስት ወር ቤት ውስጥም አይወልቅም። አንዱን በር ሳትዘጋ ሌላውን አትከፍትም። ይሄ ሁሉ ሆኖ ካመለጠችህ ደግሞ እንዳትሮጥባት። በዚያችው ደቂቃ ለእኔ ትደውላለህ። ዓይናፋር ውሻ የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ማወቋን ትተዋለች፤ ድመት፣ ቀበሮ፣ ምንም በያት። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ማልልኝ።»

«በእናታችን» አላት። በእናታቸው ምሎ አያውቅም ነበር።

ለሦስት ወር ሬንስካ እንዳትሄድ የመከረቻት ቲነካ ናት። አንቺን ባየች ቁጥር ልቧ ወደኋላ ይላል፣ ከእሱ ጋር እንድትለምድ ተያት አለቻት። ሬንስካም ቻለችው። ያስቻላት ሄሰል ነው፤ እሑድ እሑድ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ትደውልለታለች፣ እሱም «ሊፕ ደህና ናት» ብሎ ይጀምራል።

ያ ዝምተኛ ሰው አንደበቱ ተፈታ። አንድ እሑድ፣ ከምድጃው አጠገብ ካልሆነ አልተኛም ብላለች አላት። በሌላው እሑድ፣ ውሃ ሲጠማት አገጯን ባልዲው ጠርዝ ላይ አሳርፋ ታየኛለች አላት። ግንቦት ላይ ደግሞ፣ «ትናንት የግራ ጫማዬን ሰርቃ እንኮይ ዛፉ ሥር ቀበረችው፤ በአንድ እግር ጫማ ነው ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ የነበረው» አላት። ሬንስካ እየሳቀች አለቀሰች። ሰኞ ወደ ሥራ ስትገባ ለሁሉም ታወራለች። ቲነካ የሊፕን ፎቶግራፍ መግቢያው ላይ ለጥፋ ከሥሩ «አሥራ ሰባት ወር ጠብቃ ቤት አገኘች» ብላ ጻፈችበት። ተስፋ የቆረጡ ሰዎች ሲመጡ ሬንስካ ወደዚያ ፎቶ ትመራቸዋለች። አዲስ ፎቶ እንዲልክላት ስትጠይቀው፣ «የእኔ ስልክ እኮ ከደወለም ትልቅ ነገር ነው» ብሎ አሳቃት።

በሰኔ መጨረሻ እሑድ ግን ድምፁ ቀዝቀዝ ብሎ፣ «ትንሽ አሟታል፣ ምግብ ቀንሳለች» አላት። ሬንስካ ደነገጠች። ሙቀቱ ይሆናል አለች፤ ሆዷን ዳስሰው፣ ሩዝ ቀቅልላት አለችው። ሦስቱ ወር ሊሞላ ስድስት ቀን ነው የቀረው። ቅዳሜ መጥቼ አያታለሁ አለችው። ሄሰልም፣ «እስከ ቅዳሜ እናያለን» አላት።

በማግሥቱ ሰኞ ጠዋት የመጠለያው ስልክ ጮኸ። ያነሳችው ሬንስካ ናት። የደወለችው ግሪት የምትባል፣ ከግድቡ ዳር እንግዶች ድንኳን የሚተክሉበትን ግቢ የምትጠብቅ አሮጊት ነበረች።

«አንድ ቡናማ ውሻ አለች እዚህ» አለች ግሪት። «ከሚያዝያ ጀምሮ ነው የማያት። ሰው አታስጠጋም። ምግብ ከአንድ የተገለበጠ ጀልባ ሥር አስቀምጥላታለሁ፣ ዘወር ስል ትበላለች። አሁን ግን ቀበቶው ብብቷን እየበላት ነው። የእናንተ ትሆን?»

«ምን ዓይነት ቀበቶ?»

«ቀይ ነበር። አሁን ምኑም ቀይ አይባልም።»

ሬንስካ ሳቅ ብላ፣ «እኛም ቀይ ቀበቶ ያላት ነበረችን፣ ግን የእኛዋ ቤት አላት። ወንድሜ ጋ ነው ያለችው፤ ትናንት ስለሷ አውርተናል» አለቻት።

«እንግዲህ ሌላ ትሆናለች። ይቺኛዋ ጎኗ ላይ ወፍ አለባት፤ በነጭ ክር የተጠለፈ።»

ሬንስካ ስልኩን እንዴት እንዳስቀመጠችው አታስታውስም።

ለሄሰል አልደወለችም። መኪናዋን አስነስታ አርባ ደቂቃ ነዳች። መንገዱን ሙሉ ለወንድሟ ምክንያት ስትፈልግለት ነበር። ዛሬ ጠዋት አምልጣው ይሆናል። ግሪት የምትባለዋ ቀኑን ተሳስታ ይሆናል። ሌላ ሰው ወፍ ጠልፎ ይሆናል። ወላጆቿ ቤት ግቢ ስትደርስ ሄሰል መሰላል ላይ ሆኖ የመስኮት ፍሬም ቀለም ይቀባል።

«ቅዳሜ አልነበር እንዴ የምትመጪው?» አላት፤ ከመሰላሉም አልወረደም።

«ናፍቃኝ መጣሁ። የት አለች?»

«ከጓሮ ናት። ተኝታለች፤ ነግሬሽ የለ፣ አሟታል።»

«ጥራት።»

«ትረበሻለች፣ ሬንስካ።»

«ቀስ ብለህ ጥራት። ከሩቅ ልያት።»

ወረደ። ብሩሹን ጣሳው ላይ አጋድሞ አስቀመጠ፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ። ወደ ጓሮው ጥግ ሄዶ ቆመና አፉን ከፈተ። ስሟን አልጠራም። ጀርባውን እንደሰጣት እዚያው ቆሞ ቀረ።

«ስንት ቀን ቆየች?» አለችው ሬንስካ።

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ ወር አልልህም መቼም፣ ሦስት ወር ነው ያለን። ዘጠኝ ሳምንት?»

«ዘጠኝ ቀን» አለ። «እንጨት ላስገባ በሩን በእግሬ ደግፌ... እንደ ጥይት ነው ያለፈችኝ። ሁለት ቀን ፈለግኳት። ግድቡን እስከ ማዶ ሄድኩ። እሑድ ሆነና ደወልሽ።»

«ደወልኩ።»

«ነገ ትገኛለች ብዬ ነው። ድምፅሽ ደስ ብሎት ነበር። አንድ ቀን ብቻ ልዋሽ ብዬ። ከዚያ ሌላው እሑድ መጣ፤ ባለፈው ዋሽቼሻለሁ ልልሽ ነው? እንዲህ እንዲህ ሲል...»

«ጫማህን የቀበረችውስ?»

 ሬንስካ ይህን ስትል ራሷ አወቀችው። እንኮይ ዛፉ ሥር ጫማ ይቀብር የነበረው ሮቢ ነው፤ ልጆች ሳሉ የነበራቸው ውሻ። ባልዲው ጠርዝ ላይ አገጩን የሚያሳርፈውም ሮቢ ነው። ከምድጃው ዳር አልነሳም ብሎ አባታቸውን የሚያናድደውም እሱው። ሮቢ የሞተው እሷ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ነው፤ ሄሰል አቅፏት አብረው ቀብረውታል።

«ሮቢን ነው ያወራህልኝ» አለችው።

«ሌላ ውሻ አላውቅማ» አለ፤ ድምፁ ብዙም አልተሰማም።

«ትናንት አሟታል ያልከኝስ? እሱ የማን ነው?»

እዚህ ላይ ነው ፊቱን ያዞረው። ዓይኑ ቀልቷል። «ቅዳሜ ልትመጪ ነው። ዓርብ ደውዬ ሞተች ልልሽ ነበር።»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። ሬንስካ አልጮኸችበትም፣ አልሰደበችውም። ሩዝ ቀቅልላት ያለችው ትዝ አላት። ባሏን ትናንት ማታ እራት ላይ «የሊፕ ሆድ ደህና አይደለም» ብላ እንዳስጨነቀችው ትዝ አላት። ዓርብ ስልኩን አንስታ ምን ያህል ልታለቅስ እንደነበር አሰበች፤ ውሻዋ በሕይወት፣ ከዚህ ቤት ሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ጀልባ ሥር ትርፍራፊ እየበላች። ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ሄሰል «ልምጣ? አብሬሽ ልፈልግ?» እያለ ተከተላት። በሩን ዘጋችበት።

ግሪት አጭር፣ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ወሬ የማታበዛ ሴት ነበረች። በመኪና በሚጎተተው፣ ጎማ ባለው ቤቷ ደጃፍ ላይ ሹራብ እየሠራች አገኘቻት፤ በመርፌው ወደ ግድቡ ጠቆመቻት። ሊፕ እዚያ ከሚግጡት በጎች ማዶ፣ ከግድቡ አናት ላይ ቆማለች። አጥንቷ ይቆጠራል። ሬንስካ ባልዲ ለምና ደፍታ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች፤ የግሪትን ጋዜጣ ማንበብ ጀመረች። ግሪት በኋላ እንደነገረቻት ውሻዋ በድምፁ ጆሮዋን አቁማ፣ አንድ እግሯን አንስታ፣ እስከመጨረሻው ሰማች። ግን አልመጣችም።

ሬንስካ ፈቃድ ወስዳ ስምንት ቀን ተመላለሰች። ሊፕ በየቀኑ ጥቂት እርምጃ ትቀርባለች፣ ትሰማለች፣ ትሄዳለች። ጊዜ ቢኖር ኖሮ ትመጣ ነበር፤ ሬንስካ ይህን እስከ ዛሬ ታምናለች። ጊዜ ግን አልነበረም። አንዲት በግ ቦይ ውስጥ ሞታ ተገኘች። ሊፕ አሯሩጣት ይሁን አይሁን ያየ የለም፤ በጎቹን የሚያሰማራው ገበሬ ግን ግሪት ደጅ መጥቶ፣

«እስከ ዓርብ ካልያዛችኋት ጠብመንጃ የያዘ ሰው እጠራለሁ። እኔም ውሻ እወዳለሁ፤ በጎቼን ግን ይበልጥ እወዳለሁ» ብሏቸው ሄደ።

ቲነካ ወጥመዱን በመኪና አመጣችው። ረጅም የብረት ሳጥን ነው፤ ውሻው እስከ መጨረሻው ገብቶ ወለሉን ሲረግጥ በሩ ይወድቃል። ሁለት ቀን ሥጋ አስቀመጡበት፣ ሊፕ ዞር ብላም አላየችው። ብረት ምን እንደሆነ ታውቃለች።

«ሥጋ አይደለም የምትፈልገው። አንቺን ነው» አለች ቲነካ፤ ሬንስካን ሳታያት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሬንስካ ባልዲውን ከሳጥኑ መጨረሻ፣ ከፍርግርጉ ጀርባ አስቀመጠችና ተቀመጠች። ጋዜጣው ስለ ጀልባ ውድድር ነበር። ብዙ አነበበች። መጀመሪያ የሣሩን ኮሽታ ሰማች፤ ቀጥሎ የጥፍር ድምፅ በብረት ላይ፤ አንድ እርምጃ፣ ረጅም ዝምታ፣ አንድ እርምጃ። ከዚያም ጀርባዋ ላይ፣ በፍርግርጉ ቀዳዳ፣ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ተሰማት። የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ እያነበበች ነበር በሩ ሲወድቅ።

ሊፕ አልጮኸችም። ሬንስካ ዞር ስትል ውሻዋ ቀጥ ብላ አየቻት፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ተዘጋው በር አዞረችና ተኛች።

የእንስሳት ሐኪሙ ቀበቶውን ቆርጦ አወጣላት፣ ቁስሏም በሦስት ሳምንት ዳነ። ሬንስካ በምሳ ሰዓቷ ባልዲዋን ይዛ መጠለያው ውስጥ ወዳለው የሊፕ ክፍል ገባች። ጀርባዋን ሰጥታ ጋዜጣዋን ዘርግታ ገና የመጀመሪያውን ቃል ስትል ከኋላዋ ጥፍር ወለሉን ሲቧጥጥ ሰማች። ሊፕ እየተንቀጠቀጠች ግድግዳው ውስጥ ልትገባ ነበር። ደህና ቀን አልነበረም ብላ በማግሥቱ ሞከረች። በሦስተኛው ቀን ወጥታ ባልዲውን ዕቃ ቤት መለሰችው። ያን ሁሉ ወር ያረጋጋት ያ ድምፅ አሁን የብረት በር ድምፅ ሆኖባታል።

ግሪት በአውቶቡስ መጥታ ውሻዋን ልይ አለች። ከክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ ሹራቧን ሠራች፤ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ለካ ሊፕ ያን ሁሉ ጊዜ ስትበላ የኖረችው የእነዚያን መርፌዎች ቅጭልጭልታ እየሰማች ነው። በአራተኛው ጉብኝት ጠጋ ብላ የክሩን ጥቅል አሸተተች። መስከረም ላይ ግሪት ውሻዋን የምትረከብበትን ወረቀት ፈረመች።

ከመውሰዷ በፊት ግቢው መታጠር ነበረበት። ሬንስካ አጥሩን ለማየት ስትሄድ ሄሰልን አገኘችው፤ ምሰሶ እየተከለ፣ ሽቦ እየወጠረ። ማንም አልጠራውም፤ ራሱ መጥቶ ላጥርልዎት ብሏት ግሪትም እሺ ብላው ነው። ከሐምሌ ወዲህ ሬንስካ ስልኩን አንስታለት አታውቅም። መዶሻውን አውርዶ ቆመ። ከስቷል።

«ሬንስካ። ይቅር በይኝ።»

«ውሻዋ ማምለጧን ይቅር ብዬሃለሁ፣ ያን ዕለት። ከእኔም ታመልጥ ነበር።»

«ታዲያ?»

«እናታችን ስትሞት አጠገቧ አንተ ነበርክ፣ እኔ አልደረስኩም» አለችው። «ስምሽን ጠርታ ነው የሞተችው ብለኸኝ ነበር። ሃያ ዓመት በእሱ ተጽናንቻለሁ። አሁን እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ልጠይቅህ ደግሞ አልችልም፤ ምንም ብትለኝ አላምንህማ።»

 ሄሰል ጎንበስ ብሎ ምስማር አነሳ። ሬንስካ ሽቦውን በእጇ ጎትታ ጥንካሬውን ፈተነችው። በደንብ የተወጠረ ነበር።

ሊፕ አዲሱ ቤቷ በገባች በሁለተኛው ሳምንት ሬንስካ አንድ ጊዜ ብቻ ሄደች። ከአጥሩ ውጭ ቆመች፤ ድምፅ አላሰማችም። ውሻዋ ከደረጃው ሥር ተኝታ ነበር። ሄሰል የጓሮውን በር እየገጠመ ነው፤ በአጠገቧ አልፎ መሣሪያ ሲያነሳ ጭንቅላቷን እንኳ አላነሳችም። ነፋሱ ዞሮ የሬንስካን ጠረን ሲያመጣላት ግን ተነስታ፣ አንገቷን ቀብራ፣ ከቤቱ ሥር ገባች።

ግሪት እስከ መኪናው ሸኘቻት። «ትለምዳለች። እየደወልኩ እነግርሻለሁ፣ ምን እንደበላች፣ ምን እንዳደረገች» አለቻት።

«አይ፣ ግሪት» አለች ሬንስካ። «ደግ ደጉን አትንገሪኝ፤ እሱ ይቅርብኝ። ክፉ ነገር የደረሰ ዕለት ብቻ ደውዪልኝ፤ በዚያችው ደቂቃ።»

ግሪት አየት አደረገቻትና በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። እስካሁን አልደወለችም።